ለፖርትሬት ርካሽ ሌንስ ስትመርጡ መጀመሪያ ክፍሉን ለኩ

ለፖርትሬት (ለሰው ፊትና ቁመና ፎቶ) የሚሆን ሌንስ ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት ሜትር ያዙ፤ የልብስ ሰፊም ይሁን የግንበኛ ግድ የለም። ፎቶ የምታነሱበትን ክፍል፣ በረንዳ ወይም ግቢ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለኩና ቁጥሩን ጻፉት። የትኛው ሌንስ እንደሚያዋጣችሁ ከሻጭ ምክር ይልቅ ያ ቁጥር በደንብ ይነግራችኋል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የሰው ፊት ፎቶ ላይ የሚያምረውም የሚዛባውም ካሜራው ከፊቱ በቆመበት ርቀት ነው። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው እንበል። ካሜራው ከአፍንጫው 50 ሴንቲ ሜትር ርቆ ከቆመ ጆሮው 62 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሆናል፤ ስለዚህ አፍንጫው ከጆሮው አንጻር ሩብ ያህል ገዝፎ ይወጣል። ግንባር ይገፋል፣ ጆሮ ይሸሻል፣ የተነሳው ሰው «ይሄ እኔን አይመስልም» ይላል። ያው ካሜራ 1.5 ሜትር ላይ ሲቆም ልዩነቱ ወደ 8 በመቶ ይወርዳል፤ ፊቱም በአካል የምናውቀውን ይመስላል። ለፊት ፎቶ ከ1.5 እስከ 2.5 ሜትር ጥሩ ርቀት ነው። የሌንሱ ሥራ እዚያ ቆማችሁ ፍሬሙን በምትፈልጉት ልክ መሙላት ነው።

ስንት ሚሊ ሜትር?

ሌንስ ላይ የተጻፈው ሚሊ ሜትር በጨመረ ቁጥር ሌንሱ ጠበብ አድርጎ ያያል፣ ሰውየውንም ያቀርባል። አብዛኛው ጀማሪ በእጁ ያለው ክሮፕ ሴንሰር ካሜራ ነው። ካነን 700ዲ፣ 250ዲ፣ 80ዲ፣ ኒኮን ዲ3500፣ ዲ5300፣ ዲ7200 ሁሉም እዚህ ውስጥ ናቸው። ሴንሰራቸው (ምስሉን የሚቀበለው ቺፕ) ከፉል ፍሬም፣ ማለትም የድሮውን ፊልም ያህል ስፋት ካለው ሴንሰር፣ ስለሚያንስ ሌንሱ ጠበብ አድርጎ ያያል፤ በካነን 1.6፣ በኒኮንና በሶኒ 1.5 እጥፍ። 50 ሚሊ ሜትሩ ካነን ክሮፕ ላይ ሲገባ በፉል ፍሬም 80 ሚሊ ሜትር የሚያሳየውን ያሳያል ማለት ነው።

ይህን ወደ ሜትር እንመልሰው። ካሜራውን በቁም ይዛችሁ፣ በካነን ክሮፕ፣ ከራስ እስከ ደረት ያለውን 60 ሴንቲ ሜትር ፍሬም ለመሙላት በ35 ሚሊ ሜትር ከሰውየው 95 ሴንቲ ሜትር፣ በ50 ሚሊ ሜትር 1.35 ሜትር፣ በ85 ሚሊ ሜትር 2.3 ሜትር ገደማ መራቅ አለባችሁ። ሙሉ ቁመና ከላይና ከታች ትርፍ ተትቶለት 2 ሜትር ይሁን ካልን ደግሞ 35ቱ 3.1፣ 50ው 4.5፣ 85ቱ 7.6 ሜትር ይፈልጋሉ። ካሜራችሁ ፉል ፍሬም ከሆነ 85ቱ በክሮፕ ላይ ወዳለው 50 ይቀርባል፤ ለደረት 1.4፣ ለሙሉ ቁመና 4.7 ሜትር።

አሁን የለካችሁትን ክፍል አምጡ። 4 ሜትር በ4 ሜትር ነው እንበል። የተነሳው ሰው ከጀርባው ግድግዳ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ፤ ያለዚያ ጥላው ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። እናንተም ከካሜራው ጀርባ የምትቆሙበት 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ትፈልጋላችሁ። የቀረው 2.3 ሜትር ነው። በዚህ ርቀት 50 ሚሊ ሜትሩ አንድ ሜትር ያህል ቁመት ይይዛል፤ ከወገብ በላይ ማለት ነው። 85ቱ ከደረት በላይ ብቻ ይሰጣችሁና ግድግዳ ያስደግፋችኋል። 35ቱ እስከ ጉልበት ይወርዳል። ክፍሉን በሰያፍ፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ብትጠቀሙበት ርቀቱ 5.6 ሜትር ይደርሳልና ብዙ ያግዛል፤ ያኔም ቢሆን ሙሉ ቁመና የሚያነሳላችሁ 35ቱ ነው።

«የፖርትሬት ሌንስ 85 ነው» የሚለውን ሰምተው ለክሮፕ ካሜራ 85 የሚገዙ ብዙ ናቸው። አባባሉ የመጣው ከፉል ፍሬምና ከፊልም ዘመን ነው። ደጅ ላይ ለሚሠራ፣ ምርቃትና ሠርግ ግቢ ውስጥ ለሚያነሳ 85 በክሮፕም ድንቅ ነው። ሳሎን ውስጥና በጠባብ ስቱዲዮ ግን ቦርሳ ውስጥ ይቀራል።

ኪት ሌንሳችሁ የነጻ መለማመጃ ነው

ከካሜራው ጋር የመጣው 18–55 ሚሊ ሜትር ሌንስ አሁኑኑ መልስ ይሰጣችኋል። ዙሙን 50 ላይ አድርጉና ቀለበቱን በወረቀት ፕላስተር እሰሩት። ለአንድ ሳምንት እንደ ሁልጊዜው አንሱ፤ ቤተሰብ፣ ጎረቤት፣ በር ላይ የቆመ ልጅ። በሚቀጥለው ሳምንት 35 ላይ እሰሩት። በየትኛው ሳምንት ነው ወደ ኋላ ማፈግፈግ ያማረራችሁ? በየትኛው ነው ፊት ላይ ተለጥፋችሁ ያነሳችሁት? በ35 ስታነሱ ሳይታወቃችሁ ወደ 70 ሴንቲ ሜትር የምትጠጉ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ 50 ነው፤ 35ቱ ያንን የሰፋ አፍንጫ ይሰጣችኋል። ቀድሞ ያነሳችኋቸው ፎቶዎች ካሉም የፋይሉን መረጃ ከፍታችሁ የትኛው ቁጥር እንደሚደጋገም እዩ።

ጀርባውን የሚያደበዝዘው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ርካሽ ፖርትሬት ሌንስ የሚፈልገው ለብለሩ፣ ማለትም ለጀርባው መደብዘዝ ነው። ብለሩን በግምት ሳይሆን በሒሳብ ማወዳደር ይቻላል፤ ሚሊ ሜትሩን በኤፍ ቁጥሩ (ለምሳሌ «ኤፍ 1.8» በሚለው 1.8) አካፍሉ። የሚመጣው ውጤት የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው። ሰውየውን በእኩል መጠን ካነሳችሁት፣ ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ሩቅ ያለው ጀርባ ይበልጥ ይደበዝዛል።

ኪት ሌንሱ 55 ሚሊ ሜትር ላይ ኤፍ 5.6 ነው፤ 55 ለ5.6 ሲካፈል 10 ሚሊ ሜትር። 35 ኤፍ 1.8፦ 19። 50 ኤፍ 1.8፦ 28። 85 ኤፍ 1.8፦ 47። ትኩረት የሚሰጠው አጥቶ የኖረው ደግሞ 55–250 ዙም ነው፤ 250 ላይ ኤፍ 5.6 ሲሆን ውጤቱ 45 ይመጣል። ይህ ሌንስ ብዙ ጊዜ ከካሜራ ጋር በጥቅል ስለሚሸጥ ባለቤቱ ቤት አቧራ ሲጠጣ ይገኛል። ግቢ ወይም መናፈሻ ውስጥ 6 ወይም 7 ሜትር መራቅ የምትችሉ ከሆነና ብርሃን ካለ ከደረት በላይ ፎቶን ከ85ቱ ጋር ተቀራራቢ ብለር ሰጥቶ ያወጣላችኋል። እጃችሁ ላይ ካለ ምንም ሳትገዙ ደጅ ላይ መሥራት ጀምሩ። ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ከ1/400 ሰከንድ አታውርዱ እንጂ።

ሁለት ነገር ግን አትርሱ። አንደኛ፣ ሰውየው ግድግዳ ተደግፎ ከቆመ ኤፍ 1.8ም ቢሆን የሚያደበዝዘው ጀርባ የለውም። ከጀርባው 3 ሜትርና ከዚያ በላይ አርቁት። ሁለተኛ፣ የኤፍ 1.8 ትልቁ ጥቅም፣ እንደኛ ሐሳብ፣ ብለሩ ሳይሆን ብርሃኑ ነው። ከኤፍ 5.6 ጋር ሲነጻጸር አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። በመስኮት ብርሃን ብቻ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበት መጠን) 6400 የሚጠይቀው ፎቶ ወደ 640 ይወርዳል፤ የጠቆረ ፀጉርና የጠይም ቆዳ ዝርዝር በጥቃቅን ነጠብጣቦች ተውጦ የሚጠፋው ደግሞ እዚያ ከፍተኛ አይኤስኦ ላይ ነው።

የትኛውን እንግዛ?

ለካነን ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ላለው ካሜራ) መልሱ ቀላል ነው፤ ኢኤፍ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም። በ2015 በ125 ዶላር ነው የወጣው። የብረት ማውንት (ካሜራው ላይ የሚገጠምበት ቀለበት) አለው፣ እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፣ 160 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ፊልተሩ 49 ሚሊ ሜትር ነው። ከእሱ በፊት የነበረው፣ ከ1990 ጀምሮ የተሸጠው ሁለተኛው ትውልድ አሁንም ያገለገለ በርካሽ ይገኛል። ማውንቱ ፕላስቲክ ነው፣ ፎከስ ሲያደርግ ይንጫጫል፣ ከጀርባ ያለን አምፖል ቀዳዳውን በሚያጠቡት አምስት ምላጮቹ የተነሳ ባለ አምስት ማዕዘን አድርጎ ያወጣዋል። ምስሉ መጥፎ አይደለም፤ የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ ግን አዲሱን ውሰዱ። የቻይናው ዮንግኑዎ 50 ከሁሉም ይረክሳል። ፎከሱ አንዳንዴ ያመነታል፤ ለተረጋጋ የስቱዲዮ ሥራ ያገለግላል፣ ለሠርግ አንመክረውም።

ስለ ኤስቲኤሙ አንድ ነገር ማወቅ ይገባል። ፎከስ ሲያደርግ የፊት መስታወቱ ያለበት በርሜል ወደ ፊት ይወጣል። ወጥቶ እያለ ካሜራው ከጠፋ እዚያው ሊቀር ይችላል፤ ቦርሳ ውስጥ ሲጋጭ ውስጡ ያለው ጥርስ ይጎዳል። ካሜራውን ከማጥፋታችሁ በፊት ሩቅ ነገር ላይ ፎከስ አድርጉ፣ በርሜሉ ይገባል። የፀሐይ መከላከያውን ቆብም አድርጉበት፤ ግጭቱን የሚቀበለው እሱ ይሆናል።

ኒኮን ላይ ወጥመድ አለ። ርካሹ 50 ኤፍ 1.8 ዲ የራሱ ሞተር የለውም፤ የሚሽከረከረው ካሜራው ውስጥ ባለ ሞተር ነው። ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ ያ ሞተር የላቸውም፤ ሌንሱ ይገባል፣ ፎቶም ያነሳል፣ ኦቶፎከስ ግን አይሠራም። ዲ90ና ዲ7000ዎቹ ላይ ይሠራል። ሌላም አለ፤ የአፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) ቀለበቱ 22 ላይ ካልተቆለፈ ካሜራው የስህተት ምልክት ያሳይና አላነሳም ይላል፤ ሰው ሌንሱ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል። ለዲ3500 ወይም ለዲ5300 ስሙ ላይ ኤኤፍ-ኤስ የሚል ጽሑፍ ያለበትን 50 ኤፍ 1.8 ጂ ፈልጉ። ጠባብ ክፍል ላለው ኤኤፍ-ኤስ ዲኤክስ 35 ኤፍ 1.8 ጂ አለ።

ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ ካላችሁ፣ ለካነን አርኤፍ ማውንት የ2020ው አርኤፍ 50 ኤፍ 1.8 አለ፤ የድሮዎቹ የኢኤፍ ሌንሶችም በአዳፕተር ሙሉ በሙሉ ይሠራሉ። ተቃራኒው አይሆንም፤ የአርኤፍ ሌንስ ዲኤስኤልአር ላይ አይገባም። ለሶኒ ፉል ፍሬም ኤፍኢ 50 ኤፍ 1.8 ምስሉ ጥሩ፣ ፎከሱ ዘገምተኛ ነው፤ ለሚሯሯጥ ልጅ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ካነን ላይ ስትገዙ የማውንቱን ምልክት እዩ። ቀይ ነጥብ ያለው ሌንስ ለክሮፕም ለፉል ፍሬምም ዲኤስኤልአር ይሆናል፤ ነጭ አራት ማዕዘን ያለው ለክሮፕ ብቻ ነው። ወደፊት ፉል ፍሬም የምታስቡ ከሆነ ቀይ ነጥቡን ምረጡ።

የሶቪየቱ ሄሊዎስ 44 ብዙ ወዳጅ አለው፤ 58 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2፣ ጀርባውን እንደ አዙሪት የሚያሽከረክር። በኤም42 (የድሮ የብሎን ማውንት) አዳፕተር ካነን ላይ ያለ ችግር ይገባል። ኒኮን ላይ ግን ተጨማሪ መስታወት ከሌለው ሩቅ ነገር ላይ ፎከስ አያደርግም። ፎከሱ በእጅ ብቻ ነው። ለሁለተኛ ሌንስነት ጥሩ ነው እንጂ ለመጀመሪያ አይሁን።

ከሌንሱ ፊት ላይ የሚጠመጠሙትን «ቴሌ» እና «ዋይድ» የሚባሉ ተጨማሪ መስታወቶች አትግዙ። በጥቅል ዕቃ ውስጥ ተጨምረው ሲመጡ ትርፍ ይመስላሉ፤ የፎቶውን ጠርዝ ያበላሻሉ።

ያገለገለ ሌንስ ሲገዛ

በቴሌግራም ቻናል የተለጠፈ ፎቶ አይቶ ብር መላክ ሌንስ መግዛት አይደለም። ሌንሱን በአካል አግኙት፣ ካሜራችሁን፣ ባዶ ሚሞሪ ካርድና ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል።

ከመስታወቱ ጀምሩ። ሁለቱንም ክዳን አውልቁ፤ የስልካችሁን መብራት ከኋላ በኩል በሰያፍ አብሩና ከፊት አጮልቃችሁ እዩ። ጥቂት የአቧራ ነቁጦች ምንም አያደርጉም። የሸረሪት ድር የመሰለ፣ ከጠርዝ ወደ መሐል የሚዘረጋ ቀጭን ክር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ ተዉት። መስታወቱ በሙሉ በጭጋግ እንደተሸፈነ ወተት ቢመስልም ተዉት፤ ፎቶው ሁልጊዜ የደበዘዘ ይሆናል። ፊት ላይ ያለ ቀጭን ጭረት ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማል እንጂ ፎቶ አያበላሽም፤ የኋላው መስታወት ላይ ያለ ጭረት ግን ይታያል። የፊልተር ቀለበቱ ከተጣመመ ሌንሱ ወድቋል ማለት ነው፤ የማውንቱ ብሎኖች ጭንቅላት ከተላላጠ ደግሞ ተከፍቶ ያውቃል።

ቀጥሎ ካሜራው ላይ ግጠሙት። በአፐርቸር ቅድሚያ ሞድ (ኤፍ ቁጥሩን እናንተ፣ ሹተሩን ካሜራው በሚመርጥበት) አንድ ነጭ ግድግዳ በኤፍ 1.8፣ ከዚያ በኤፍ 8 አንሱ። ሁለቱ ፎቶዎች እኩል ብርሃን ሊኖራቸው ይገባል። የኤፍ 8ቱ ከነጣ ምላጮቹ ዘይት ይዘው ዘግይተዋል፤ የስህተት መልእክት ከመጣ ምናልባት ማውንቱ ላይ ያሉት ወርቃማ የኤሌክትሪክ ነጥቦች መቆሸሽ ነው፣ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉና ድገሙት።

ከዚያ ፎከሱ። ማስመሪያውን ጠረጴዛ ላይ በ45 ዲግሪ አጋድሙት፤ 15 ቁጥር አጠገብ አንድ ክዳን ወይም ክብሪት አቁሙ። ከ1 ሜትር ርቀት፣ ኤፍ 1.8 ላይ፣ የመሐል ነጥቡን ክብሪቱ ላይ አድርጋችሁ በቪውፋይንደር (ዓይን በሚጠጋበት መስኮት) አሥር ጊዜ አንሱ፤ በየመሐሉ ፎከሱን ወደ ሩቅ መልሱት። አጉልታችሁ ስታዩ ከአሥሩ ስምንቱ ክብሪቱ ላይ ጥርት ካሉ ደህና ነው። ሁሉም ተመሳሳይ ወገን፣ ለምሳሌ 13 ቁጥር ላይ ከጠሩ፣ በላይቭ ቪው (በጀርባው ስክሪን እያያችሁ) ድገሙት። ላይቭ ቪው ላይ ትክክል ከሆነ ሌንሱና የካሜራው ፎከስ መለኪያ አልተስማሙም። እንደ 80ዲ ወይም ዲ7200 ያሉ ካሜራዎች ይህን የሚያስተካክል ሜኑ አላቸው፤ 700ዲና ዲ3500 የላቸውም፤ በነሱ ላይ ይህን ሌንስ አትግዙት።

በመጨረሻ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ቀጥ ብላችሁ አንሱ። በኤፍ 1.8 አራቱም ማዕዘኖች ለስለስ ማለታቸው የሚጠበቅ ነው። አንዱ ወገን ብቻ ከደበዘዘ፣ ኤፍ 5.6 ላይም ካልተስተካከለ፣ ውስጡ ያለው መስታወት ተንጋድዷል።

ከገዛችሁ በኋላ

አብዛኛው ቅሬታ የሚመጣው ሌንሱ ሳይበላሽ ነው። ክሮፕ ካሜራ ላይ 50ውን በኤፍ 1.8፣ ከ1.5 ሜትር ስታነሱ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፊቱ ትንሽ ዞር ካለ አንዱ ዓይን ጠርቶ ሌላው ይቀራል። ኤፍ 2.8 ላይ ወደ 9.5፣ ኤፍ 4 ላይ ወደ 14 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ለአንድ ሰው ከኤፍ 2.2 እስከ 2.8፣ ለሙሽሮች ኤፍ 4፣ ለሦስት አራት ሰው ኤፍ 5.6 አድርጉ። የፎከስ ነጥቡን ራሳችሁ ምረጡና ለካሜራው የቀረበው ዓይን ላይ አኑሩት። መሐል ነጥብ ላይ ፎከስ አድርጎ ካሜራውን ማዘንበል በዚህ ጥልቀት ዓይኑን ያስታል።

ነጠላ የሌንሱን ድካም የሚያጋልጥ ልብስ ነው። ነጩ ጠርዝ ከጥቁር ፀጉር ወይም ከጥላ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ፀሐይ ላይ በኤፍ 1.8 ብታነሱ፣ ቀጭን ሐምራዊ መስመር ይወጣል። የካነን 85 ኤፍ 1.8 በዚህ ይታወቃል። ኤፍ 2.8 ላይ አብዛኛው ይጠፋል፣ የጥለቱ ክርም አንድ በአንድ ይቆጠራል። ካሜራው ነጩን ልብስ አይቶ ፎቶውን ስለሚያጨልመው ፊት ይጠቁራል፤ የብርሃን መለኪያውን ፊቱ ላይ አድርጉት፤ ነጠላው በብርሃን ተጥለቅልቆ ዝርዝሩን እንዳያጣ ግን ፎቶውን እያያችሁ ብርሃኑን ቀንሱ።

በቀትር ፀሐይ ኤፍ 1.8 አይሆንም። በአይኤስኦ 100 እንኳ 1/8000 ሰከንድ ይጠይቃል፤ የጀማሪ ካሜራዎች ጣሪያ 1/4000 ነውና ፎቶው ይነጣል። ወደ ኤፍ 2.8 ዝጉት፤ ከዚያ የተሻለው ሰውየውን ወደ ዛፍ ወይም ወደ ቤት ጥላ መውሰድ ነው፤ ከዓይን ሥር ያለው ጥቁር ጥላም አብሮ ይጠፋል።

ለመከላከያ ተብሎ ርካሽ ዩቪ ፊልተር አትግጠሙ። ሻማና አምፖል ባለበት ፎቶ ውስጥ ሌላ ትንሽ ብርሃን አንጸባርቆ ያመጣል። ለፊልተሩ ያሰባችሁትን ብር ለሁለት ሜትር ነጭ አቡጀዲ አውጡት። መስኮቱ ላይ ስትሰቅሉት ጠንካራውን ፀሐይ ያለሰልሳል፤ አጥፋችሁ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ በተነሳው ሰው ጥላ ወገን፣ ከፊቱ 70 ሴንቲ ሜትር ላይ ስትይዙት የጨለመውን ጉንጭ ይሞላል።